መቆጠር የሚፈሩ ሰዎች፦ ስለ ሌጎስ ለአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን
ለተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ስንት እንደሆነ ስለማይታወቀው የሌጎስ ሕዝብ

ክቡራትና ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ሌጎስ ላይ ስድስት ዓመት ሠርቼ ወደ አዲስ አበባ የተመለስኩ ኢትዮጵያዊ ነኝ። ሥራዬ አፓፓ ወደብ አጠገብ ባለ አንድ መጋዘን ከመርከብ የሚራገፍ ዕቃ መቁጠርና መመዝገብ ነበር። አንድ ካርቶን ከመርከብ ሲወርድ ይቆጠራል፣ መኪና ላይ ሲጫን ይቆጠራል፣ መጋዘን ሲገባ ደግሞ እኔ እቆጥረዋለሁ። ሦስቱ ቁጥር ካልተገናኘ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ሌሊቱ ይጋመስ እንጂ የጎደለችው አንዲት ካርቶን ትፈለጋለች። ከዚያ ወጥቼ ዳንፎ የሚሉትን ቢጫ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ሰፈሬ ወደ ያባ ስመለስ የማልፈው ጫፉ በማይታይ ሕዝብ መካከል ነበር። ያ ሕዝብ ስንት እንደሆነ ሁሉም የሚስማማበትን ቁጥር የሚሰጥ ቢሮ ግን የለም።

በአማርኛ መጻፌ አይግረማችሁ። ጽሕፈት ቤታችሁ ያለበት ከተማ ቋንቋ ነው፤ የአገሬ ሰው ደግሞ አብሮ እንዲያነበው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ካላልኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆች ናቸው።

ከያባ ተነስቶ ማኮኮ የእግር መንገድ ነው። ማኮኮ በሌጎስ ሐይቅ ውሃ ላይ በእንጨት ቋሚ ተደግፎ የተሠራ ሰፈር ሲሆን በሰርድ ሜይንላንድ ድልድይ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጭስ አይለየውም። ጭሱ የአሳ ነው። ወንዶቹ ያጠምዳሉ፣ ሴቶቹ በጭስ እያደረቁ ይሸጣሉ። እኔ አሳ የምገዛቸው እናት፣ እንደ ሌጎስ ልማድ፣ በበኩር ልጃቸው ስም ነው የሚጠሩት፤ እኛም «የእገሌ እናት» እንደምንለው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እሳቸው ዘንድ ቆሜአለሁ። ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ውስጥ እሳት ተያይዟል፣ ከላዩ ሽቦ ተዘርግቷል፣ አሳው ጭራው ወደ አፉ ታጥፎ እንደ ቀለበት ክብ ሠርቶ ተደርድሯል። እሳቸው በባዶ እጃቸው አንድ በአንድ ያገላብጡታል፤ እጃቸው እሳት ለምዷል።

ሦስት ወጣቶች በታንኳ መጡ። አንገታቸው ላይ መታወቂያ፣ እጃቸው ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ። ወዲያው ሰፈሩ ጸጥ አለ። ማዶ ያለችው ጎረቤት ልጆቿን ጎትታ አስገብታ በሩን ዘጋች። ታንኳ ላይ ሲላፉ የነበሩ ሕፃናት ቀዝፈው ከቤቶቹ ሥር ገቡ። እናትየዋ እጃቸውን ሽርጣቸው ላይ ጠረጉና በፒጂን እንግሊዝኛ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ፦ «ቀይ ቀለም ይዘዋል?»

ሌጎስ ላይ የሚፈርስ ቤት ግድግዳው በቀይ ቀለም ይሰረዛል፤ ትልቅ የኤክስ ምልክት። ወጣቶቹ ግን ቀለም አልያዙም። ለሕፃናት ክትባት የሚሆን ምዝገባ ነበር የመጡበት። ተራው ደረሰና «ስንት ልጆች አሉዎት?» ብለው ጠየቋቸው። «ሁለት» አሉ። ያሏቸው ስድስት ነው። ሁሉንም በስማቸው አውቃቸዋለሁ፤ ትንሿ ያኔ ጥርስ እያበቀለች ነበር። ወጣቶቹ 2 ብለው ጻፉና ወደሚቀጥለው ቤት ቀዘፉ።

ከሄዱ በኋላ ለምን እንደዚያ እንዳሉ ጠየቅኋቸው። ማኮኮ ከመምጣታቸው በፊት ሌላ የውሃ ዳር ሰፈር ይኖሩ ነበር። እዚያም መጀመሪያ ወረቀት የያዙ ሰዎች መጡ፤ ስም ጻፉ፣ በር ላይ ቁጥር ለጠፉ፣ ሄዱ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ማፍረሻው ማሽን መጣ። ለእሳቸው ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው፤ የቆጠረህ ያፈርስሃል። ስለዚህ አራት ልጆቻቸውን ከወረቀት ደበቁ፤ አራቱ ከክትባቱም ቀሩ።

ክቡራን፣ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። ስለ አፍሪካ ከተሞች ዕድገት ስትመክሩ የምትነጋገሩባቸው ቁጥሮች እንደዚያ ቅዳሜ ጠዋት ባለ ፍርሃት መካከል የተለቀሙ ናቸው። ፍርሃቱ ሳይነሳ የተሻለ መሣሪያ፣ የተሻለ ታብሌት፣ የተሻለ ሳተላይት ቢመጣ ስድስቱ ልጆች ሁለት ሆነው ይቀጥላሉ።

ትልቁንም ሥዕል እንየው። የተባበሩት መንግሥታት ግምት ሌጎስን በ1950 የ325 ሺህ ሰው ከተማ ያደርጋታል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚሁ አዲስ አበባ በተመሠረተበት በ1963 ናይጄሪያ ባካሄደችው ቆጠራ የሌጎስ ከተማ ነዋሪ 665 ሺህ ያህል ነበር። በ2018 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት 13 ሚሊዮን ተኩል አካባቢ አደረሳት። ከተማዋ ያለችበት የሌጎስ ግዛት መንግሥት ደግሞ ከ20 ሚሊዮን በላይ ነን ይላል። የመጨረሻው አገር አቀፍ ቆጠራ በ2006 ተካሄደ፤ ለሌጎስ ግዛት የተሰጣት ቁጥር 9 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ግዛቲቱ በበኩሏ በዚያው ጊዜ ባሰባሰበችው መረጃ 17.5 ሚሊዮን አገኘሁ አለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ8 ሚሊዮን ሰው በላይ ነው። በ1999 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ስንቆጠር አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ሰው ነበራት። ሦስት አዲስ አበባ የሚያህል ሕዝብ አለ በሚልና የለም በሚል ሁለት ቢሮ መካከል ተሰቅሎ ቀረ ማለት ነው።

ይህ የቆጣሪዎች ስንፍና ብቻ አይደለም። ናይጄሪያ ውስጥ የሰው ቁጥር ገንዘብ ነው። ከፌዴራሉ ካዝና ለግዛቶች የሚወርደው ድርሻ ሲደለደል 30 በመቶው በሕዝብ ብዛት ይመዘናል፤ የምክር ቤት መቀመጫም እንዲሁ። በ2006ቱ ቆጠራ የሰሜኗ ግዛት ካኖ ሌጎስን በለጠች። ካኖ 44 የአካባቢ መንግሥታት አሏት፣ ሌጎስ 20። ሌጎስ ይህ አይበቃኝም ብላ በራሷ ሥልጣን 37 ንዑስ አስተዳደሮች ጨመረች፤ የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ በዚህ ምክንያት የአካባቢ መንግሥታቱን ገንዘብ ያዘባት፤ ነገሩ በ2004 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። ከዚያ በፊትም የ1962ቱ ቆጠራ ተሰርዟል፣ የ1963ቱ በንትርክ አለፈ፣ የ1973ቱ ተሰረዘ፣ 1991 እስኪደርስ አገሪቱ ሳትቆጠር ኖረች። በ2006 ግጭት እንዳይነሳ ተብሎ ሃይማኖትና ብሔር ከመጠይቁ ወጡ። ለ2023 የታቀደው ቆጠራ በመጨረሻው ሰዓት ተላለፈ። እንግዲህ ላይ ያሉት ቁጥሩን ለማብዛት ይጣላሉ፣ ታች ያሉት ራሳቸውን ለመቀነስ ይደበቃሉ። እውነተኛው ቁጥር በሁለቱ መካከል የት እንዳለ ማን ያውቃል?

የማይታወቅ ቁጥር በሰው ኑሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ ስድስት ዓመት አይቻለሁ። ውሃን ላንሳ። ኢጁ ያለው የውሃ ማጣሪያ በቅኝ ግዛት ዘመን፣ በ1910ዎቹ የተጀመረ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ተስፋፍቷል፣ ሌሎችም ተጨምረዋል፤ ከተማዋ ግን ጥላቸው ሄዳለች። እኔ በኖርኩበት ግቢ የቧንቧ ውሃ ነበር የሚሉት ሽማግሌዎቹ ብቻ ናቸው። ያለው ከባለቤቱ ጉድጓድ ይቀዳል፤ የሌለው «ማይ ሩዋ» ይጠራል። ማይ ሩዋ በሐውሳ የውሃ ሰው እንደማለት ነው፤ አብዛኞቹ ከሰሜን የመጡ ልጆች ናቸው። ጀሪካን የተደረደረበት ጋሪ ከንጋት እስከ ማታ ይገፋሉ። የሚጠጣው ደግሞ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ከረጢት ነው፤ «ፒዩር ዋተር» ይሉታል። ጥርስ ላይ ቀደድ አድርገው ይጠጡትና ባዶውን ይጥሉታል፤ ዝናብ ሲመጣ ያ ፕላስቲክ ቦይ ይደፍንና ጎርፉ ቤት ይገባል። ያ ጋሪ የሚገፋ ልጅ በ2006 አልተወለደም ነበር ይሆናል። ለእሱ የሚሆን ቧንቧ፣ የጤና ጣቢያ፣ የትምህርት ክፍል በየትኛው ቁጥር ይታቀድ?

ቤት ደግሞ ሌላ ነው። የሠራተኛው ሕዝብ የሚኖረው «ፌስ ሚ አይ ፌስ ዩ» በሚባሉ ግቢዎች ነው፤ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ግራና ቀኝ ክፍሎች በር ለበር ተፋጠው የተሠሩበት፣ ወጥ ቤቱና መጸዳጃው የጋራ የሆነ። አንድ ክፍል ለአንድ ቤተሰብ። በ2011 የወጣው የግዛቲቱ የተከራይ ሕግ አከራይ ከአዲስ ተከራይ ከአንድ ዓመት በላይ የቤት ኪራይ በቅድሚያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። እኔ የሁለት ዓመት ተጠየቅሁ፣ የደላላና የውል ተብሎ ሌላ ተጨመረበት። ሕጉን አንስቼ ተከራከርኩ። «እንግዲያው ሌላ ቤት ፈልግ» ተባልኩ፤ ከኋላዬ ሦስት ሰው ቆሟል። ከፈልኩ። እኔ የወር ደመወዝ ነበረኝ። ገንዘቡን በየቀኑ የሚያገኝ፣ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ሰው የሁለት ዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ ከየት ያመጣል? ውሃ ላይ የሚሠራው ለዚህ ነው። ከሐይቁ ዳር በመጋዝ ዱቄትና በቆሻሻ መሬት እየደለደለ፣ ቅርፊት በቅርፊት ከተማ የሚሠራው የቤት ኪራይ ስለበረታበት ነው።

ያን በእጁ የሠራውን ደግሞ ያፈርሱበታል። በሐምሌ 1990 የወታደሩ መንግሥት ማሮኮ የሚባለውን የባሕር ዳር ሰፈር አጸዳ። ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሰው የሰባት ቀን ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ተበተነ። ዛሬ ቦታው ላይ የሀብታም ሰፈር አለ። በሐምሌ 2012 ማኮኮ የ72 ሰዓት ጊዜ ተሰጣት፤ ማፍረሱ ተጀምሮ አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ በፖሊስ ጥይት ከሞቱ በኋላ ነው የቆመው። በየካቲት 2013 ባዲያ ኢስት የሚባለው ሰፈር ፈረሰ። ከኅዳር 2016 እስከ ሚያዝያ 2017 ድረስ ደግሞ የውሃ ዳሩ ሰፈር ኦቶዶ ግባሜ፤ 30 ሺህ ያህል ሰው፣ ፍርድ ቤት እንዳይነካ አዞ እያለ፣ በእሳትና በማሽን ተነቀለ። ሰዎች ወደ ሐይቁ ዘለው በታንኳ አመለጡ። በሰኔ 2017 የሌጎስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምትክ መኖሪያ ሳይሰጡ ማፈናቀል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። ፍርዱ ጥሩ ነበር። ሰፈሩ ግን አልነበረም።

ከነዚህ ሰፈሮች ብዙም ሳይርቅ ኢኮ አትላንቲክ አለ፤ ከውቅያኖስ ላይ በአሸዋ የተሞላ፣ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ለ250 ሺህ ነዋሪ የታቀደ አዲስ ከተማ። ገና ላልመጣ ነዋሪ ቁጥሩ አስቀድሞ ተለይቶ ታውቋል፣ መንገዱና ፍሳሹ በዚያው ልክ ተሰልቷል። ማኮኮ ውስጥ ለሚኖረው ግን ከመቶ ሺህ በታች የሚሉ አሉ፣ 300 ሺህ የሚሉም አሉ።

ፍትሐዊ ልሁን። የሌጎስ አስተዳደር እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ አይደለም። ሌጎስ ከ36ቱ የናይጄሪያ ግዛቶች በቆዳ ስፋት ትንሿ ናት፤ ከዚያችም ላይ ብዙው ውሃና ረግረግ ነው። ዋና ከተማነቱ በ1991 ወደ አቡጃ ሲሄድ የፌዴራሉ መንግሥት ትኩረትም አብሮ ሄደ፤ ወደቡ፣ ፋብሪካውና ሥራ ፈላጊው ግን እዚያው ቀረ። የያኔው የግዛቲቱ ገዥ ላቲፍ ጃካንዴ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የከተማ ባቡር ጀምረው ነበር፤ በ1985 ወታደሮቹ ሰረዙት። ያ ባቡር ቢሠራ ኖሮ ሌጎስ ሌላ ከተማ ትሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው 13 ኪሎ ሜትር የብሉ ላይን መስመር ሰው መጫን የጀመረው በመስከረም 2023 ነው፤ ሬድ ላይን በ2024 ተከተለ። በ2008 የጀመረው ፈጣን አውቶብስም ብዙ ሰው ጠቅሟል። ከያባ ተነስቼ አፓፓ ለመድረስ ሦስት ሰዓት የወሰደብኝን ቀን የማውቅ ሰው ነኝና ይህን ሥራ አላቃልልም።

የማልቀበለው ሌላ ነገር ነው። ባለሥልጣንም ሆነ ጋዜጣ ስለ ሌጎስ ሲያወራ ሕዝቡን እንደ ጎርፍ ነው የሚያየው፤ ከውጭ የሚመጣ፣ መገደብ ያለበት። በየቀኑ ይህን ያህል ሺህ ሰው ይገባል የሚል ቁጥር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር እሰማለሁ። በር ላይ ቆሞ የቆጠረው ማን ነው? የሚወጣውንስ? በርግጥ ብዙ ሰው ይመጣል፤ በነዳጁ ዘመን በ1970ዎቹ መጣ፣ የሰሜን ምሥራቁ ጦርነት ካፈናቀላቸውም መጡ። ግን ከሌጎስ ልጆች ብዙዎቹ እዚያው የተወለዱ ናቸው። የሌጎስ እናቶች ከሌላው የናይጄሪያ ክፍል እናቶች አብልጠው ስለሚወልዱም አይደለም፤ በ2018ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት የሌጎስ ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ 3.4 ልጅ ነበር፣ በሰሜን ያለችው የካትሲና ግዛት ሴት ግን 7.3። ከተማ ራሱ ወሊድን ይቀንሳል። ቢሆንም ከተማው ወጣት ስለሆነ ሕዝቡ ከውስጡ ያድጋል። ኤጉን የሚባሉት የማኮኮ ሰዎች ከባዳግሪ ከተማና ከዛሬዋ ቤኒን በታንኳ የመጡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ናይጄሪያ የምትባል አገር የተዋቀረችው በ1914። «ወደ መጣህበት ተመለስ» የሚባለው ሰው የት ይመለስ?

ይህ ቃል በምዕራብ አፍሪካ የቆየ ቁስል አለው። በጥር 1983 ናይጄሪያ ወረቀት የላቸውም ያለቻቸውን የጎረቤት አገር ሰዎች በሁለት ሳምንት ውስጥ ውጡ አለች፤ ከነዚህ ውስጥ ጋናውያኑ ብቻ ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጉ ነበር። ያን ጊዜ ዕቃቸውን የከተቱበት ባለ አራት ማዕዘን መስመር ትልቅ ቦርሳ እስከ ዛሬ «ጋና መስት ጎ» ይባላል፤ ጋና ይሂድ ማለት ነው። ያን ቦርሳ እኛም እናውቀዋለን፤ ከአረብ አገር የሚመለሱ እህቶቻችን ሲጎትቱት ቦሌ ላይ አይተነዋል። መመዝገብ ማለት መለየት፣ መለየት ማለት መባረር የሆነበት ትዝታ ከአያት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ያቺው ጋና ግን በ2021 ሕዝቧን በዲጂታል መንገድ ቆጠረች። 30.8 ሚሊዮን፤ ከመቶው 56.7 የከተማ ነዋሪ። ክርክር አልጠፋም፣ ግን ዛሬ አክራ ላይ ስለ ውሃ ወይም ስለ ትምህርት ቤት የሚከራከሩ ሁለት ሰዎች ከአንድ ቁጥር ይነሳሉ። ስለዚህ በምዕራብ አፍሪካ አይቻልም የሚል ሰው አይምጣብኝ።

ከእናንተ የምጠይቀው አዲስ ሰነድ አይደለም፤ ሰነዱ ሞልቷል። በ2009 ካምፓላ ላይ የጸደቀው የአገር ውስጥ ተፈናቃዮች ስምምነት መንግሥታት በልማት ሥራ ምክንያት ሰው ከማፈናቀላቸው በፊት ሌላ አማራጭ እንዲፈልጉና ነዋሪውን አሳውቀው እንዲያማክሩ ያዛል፤ ናይጄሪያ በ2012 አጽድቃዋለች። የኅብረቱ የሰብአዊና የሕዝቦች መብት ኮሚሽን በ2001 በዚችው በናይጄሪያ ላይ በቀረበ የኦጎኒ ሕዝብ ጉዳይ፣ የመጠለያ መብት በአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብት ቻርተር ላይ በስሙ ባይጻፍም በውስጡ አለ ብሎ ወስኗል። በ2009 የጸደቀው የአፍሪካ የስታቲስቲክስ ቻርተርም በእጃችሁ ነው። ችግሩ እነዚህ ሦስቱ የተለያየ መሳቢያ ውስጥ መቀመጣቸው ይመስለኛል። ስታቲስቲክሱ ለባለሙያ፣ መፈናቀሉ ለሕግ ሰው። ማኮኮ ያሉት እናት ዘንድ ግን ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው፤ ወረቀትና ቀይ ቀለም።

ስለዚህ እንድታገናኟቸው እለምናችኋለሁ። አባል አገሮች የሕዝብ ቆጠራ ሲያዘጋጁ፣ ያ ቆጠራ የሚሰጠው መረጃ ለማፍረስ እንደማይውል አስቀድመው በሕግ ቃል ይግቡ። በቆጠራ የተመዘገበ ሰው፣ የቤት ካርታ ኖረው አልኖረው፣ ነዋሪ መሆኑ በዚያ ይረጋገጥ፤ መንግሥት ቦታውን ለመንገድ ወይም ለፍሳሽ ሲፈልገው በዚያ ወረቀት ምትክ መኖሪያ የሚጠይቅበት ይሁን። በር ላይ የሚለጠፈው ቁጥር መከታ ይሁን እንጂ የሞት ፍርድ አይሁን። ቆጣሪዎቹም ከሰፈሩ ይምጡ። ማኮኮ ላይ ወጣቶቹ ድሮን ተምረው የራሳቸውን ሰፈር ካርታ ሠርተዋል፤ ከዚያ በፊት በካርታ ላይ ማኮኮ ባዶ ውሃ ነበረች። የቤቱን በር የሚያንኳኳው የጎረቤት ልጅ ሲሆን ስድስቱ ልጆች ስድስት ሆነው ይጻፋሉ።

የኢኮኖሚ ኮሚሽኑን ደግሞ ለብቻው የምጠይቀው አለ። ስለ አፍሪካ ከተሞች ሪፖርት ስታወጡ ከቁጥሩ አጠገብ መጨረሻ የተቆጠረበትን ዓመት በትልቁ ጻፉ። በ2018ቱ ትንበያ መሠረት ናይጄሪያ እስከ 2050 ድረስ 189 ሚሊዮን የከተማ ነዋሪ ትጨምራለች፤ ከሕንድና ከቻይና ቀጥሎ በዓለም ሦስተኛው ጭማሪ ነው። ይህ ሁሉ የተተነበየላት አገር መጨረሻ የተቆጠረችው በ2006 መሆኑን አንባቢ በዓይኑ ይይ። መሪዎችም ሲያነቡት ይክበዳቸው።

አሁን የአገሬ ሰው አብሮ እንዲያነብ የፈለግሁበትን ምክንያት ልናገር። የኅብረቱና የኢኮኖሚ ኮሚሽኑ መቀመጫ የሆነች አገርም የመጨረሻ ቆጠራዋ በእኛ አቆጣጠር የ1999 ዓ.ም. ነው። አራተኛው ቆጠራ ደጋግሞ ተላለፈ። በአፍሪካ በሕዝብ ብዛት አንደኛና ሁለተኛ የምንባለው ሁለቱ አገሮች፣ ናይጄሪያና ኢትዮጵያ፣ ከተቆጠርን አንድ ሙሉ ትውልድ አልፏል። ስለ ሌጎስ የጻፍኩት የራሴን ቤት ጠርጌ ጨርሼ አይደለም።

ለስንብት ማኮኮ የሄድኩበት ቀን ነፋስ ነበረው፤ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። እናትየዋ ለመንገድ ብለው አሳ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ፣ ገንዘብ አልቀበልም አሉ። ትንሿ ልጅ ከሽርጣቸው ጋር ተጣብቃ ታየኛለች። ከዚያ እንዲሁ ወሬ ለማስረዘም ያህል «አገርህ ውስጥ ስንት ናችሁ?» አሉኝ።

«ከመቶ ሚሊዮን በላይ ነን ይባላል» አልኳቸው።

«ይባላል?» አሉና ቀና ብለው አዩኝ። «እናንተንም አልቆጠሯችሁም?»

መልሳችሁን እዚሁ አዲስ አበባ ሆኜ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ የሌጎስ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለናይጄሪያ ፌዴራላዊ ሪፐብሊክ ኤምባሲ
ለኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት
አዲስ አበባ